የስእለት ቦክስ ብሌድ

ፓርኪንግ የምትሠሩ ወገኖቼ፣ አደራችሁን፣ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሲጠራ ከኋላ ወንበር ተሸሽጋችሁ እንኳን ቢሆን አትቀመጡ። እኔ ተቀምጬ ነው ይሄ ሁሉ የመጣብኝ።

የዋሽንግተንና የአካባቢው ሐበሻ ግማሹ ታክሲ ይነዳል፣ ግማሹ ፓርኪንግ ይሠራል፣ በሁለቱም የተማረረው ደግሞ ሬስቶራንት ይከፍታል። እኔ ፓርኪንግ ነኝ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ከአንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር፣ መስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጬ ትኬት እቀበላለሁ፤ የበሩን አግዳሚ አነሣለሁ፣ አወርዳለሁ። ከመሬት ጋር ያለኝ ግንኙነት ኮንክሪቱ ላይ ያበቃል። ግብርና የሚባል ነገር የሞከርኩት ባለቤቴ በረንዳ ላይ የተከለችውን ቃሪያ ሳጠጣ ብቻ ነው፤ እሱንም አብዝቼ አጠጥቼ ሥሩን አበሰበስኩት።

ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ከፌርፋክስ ወጣ ብሎ፣ ድሮ እርሻ የነበረ ግቢ ውስጥ ነው። ግቢውን የሸጡልን ሽማግሌ አሜሪካዊ ገበሬ ቤቱን፣ የእንጨት መጋዘኑን፣ መጋዘኑ ውስጥ የቆመችውንም ትንሽ ሰማያዊ ትራክተር ትተውልን ፍሎሪዳ ገቡ። መሬቱ ጠጠር የተነሰነሰበት ቀይ ሸክላ ነው። ሲዘንብ ይቦካል፤ ቡኮው ላይ ሁላችንም መኪናችንን እንነዳበታለን፤ ሲደርቅ ጎማ የቆፈረው ቦይ ሁሉ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ስንት የሴት ጫማ ተረከዝ እዚያ እንደቀረ የደብራችን መልአክ ይቁጠረው።

ጉባኤው የተጠራውም ለዚሁ ነበር። ሰብሳቢው ተነሡና፣ «ይህን የፓርኪንግ ችግር ፓርኪንግ ለሚያውቅ ሰው ብንሰጠውስ?» አሉ። የአዳራሹ ራስ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ልብ በሉ፣ አዳራሹ ውስጥ ፓርኪንግ የሚሠራ ሰው ሞልቷል፤ ግን እነሱም ዞረው የሚያዩት እኔን ነው።

«እኔ የማውቀው ትኬት መቀበል ነው» አልኩ።

«ወይ ትሕትና!» አለች አንዲት ሴት። ተጨበጨበ፤ ተመረጥኩ።

እዚህ ላይ ነገሩን እንደማንኛውም የኮሚቴ ሥራ «እየተጠና ነው» እያልኩ ዓመት ላሳድረው እችል ነበር። ያላስቻሉኝ አባ ገብረ ሥላሴ ናቸው።

አባ የሚኖሩት እኛው ሕንፃ ውስጥ ነው፣ ላንድማርክ የሚባለው ሰፈር፤ እሳቸው ምድር ቤት፣ እኛ ላይ። እሑድ እሑድ በመኪናዬ ይዣቸው እሄዳለሁ። ዕድሜያቸውን የጠየቀ ሰው ቁጣ እንጂ መልስ አግኝቶ አያውቅም። ጉልበታቸው ግን ሳይጠየቅ ይናገራል፤ ከመኪና ሲወርዱ ድምፁን እኔ እሰማዋለሁ።

ሐምሌ ላይ የመልአኩ ንግሥ ነው። ታቦቱ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ይዞራል። ግቢውን ከገዛን ጀምሮ የሚሸከሙት አባ ናቸው። አምና በሁለተኛው ዙር እግራቸው ከአንዱ ቦይ ገባና ተንገዳገዱ። ሕዝቡ በአንድ አፍ «እግዚኦ!» አለ። ዲያቆናቱ ከሁለት ወገን ባይደግፏቸው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ለማሰብም አልደፍርም። ከዚያ ወዲህ የሰበካ ጉባኤው ሰዎች በየጥጉ ሲንሾካሾኩ ከርመው፣ ዘንድሮ በግልጽ ወሰኑ። መሬቱ ለንግሡ ካልተስተካከለ ታቦቱን ወጣቱ ቀሲስ ዮሐንስ ይሸከማሉ።

አባ ውሳኔውን ሰምተው መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ። እኔን ግን በሚቀጥለው እሑድ የመኪናውን ቀበቶ ሳስርላቸው ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ አንተ መሬቱን ብቻ አስተካክልልኝ። ለሌላው እኔ አለሁ» አሉኝ።

በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣሁ። እኔ ሲፈጥረኝ አንድ ነገር ከገባብኝ መቀመጫ የለኝም። ባለቤቴ ጸዳለ «እባክህ ቁጭ በል» ትለኛለች።

«ቁጭ ብያለሁ እኮ!»

«እግርህን ነው የምለው። ቴሌቪዥኑን ልትጥለው ነው።»

መጀመሪያ ዶማ ይዤ ሄድኩ። አትሳቁ፣ ከዶማ ሌላ የማውቀው መሣሪያ የለም። ዶማው ሸክላው ላይ ነጥሮ ግንባሬን ሊለኝ ምንም አልቀረው። ከዚያ ነው ከፌርፋክስ ወዲያ ማዶ ወዳለው የእርሻ ዕቃ መሸጫ የሄድኩት። ቀይ ጢም ያለው ሻጭ ችግሬን ሰምቶ ሲያበቃ፣ «አንተ የሚያስፈልግህ ቦክስ ብሌድ ነው» አለኝ።

ቦክስ ብሌድ፣ ላላያችሁት፣ ክዳንም ወለልም ፊትም የሌለው የብረት ሳጥን ነው። ከትራክተሩ ኋላ ባሉት ሦስት የብረት ክንዶች፣ ሁለቱ ከታች አንዱ ከላይ፣ ይታሰራል። ፊት ለፊት ወደ ታች የወረዱ ጥርሶች አሉት፤ የደረቀውን ይፍቃሉ። ከጥርሶቹ ኋላ ያለው ምላጭ ጉብታውን እየላጨ አፈሩን ሳጥኑ ውስጥ ይሰበስበውና ጎድጓዳው ላይ ሲደርስ ያፈሰዋል። ካለው ወስዶ ለሌለው ይሰጣል ማለት ነው። ያን ሁሉ ዘመን መሬት እናከፋፍላለን ብለን ስንፋጅ ይህን ዕቃ የሚያሳየን ሰው መጥፋቱ ነው የገረመኝ።

«የትኛውን ዓይነት ልስጥህ?» አለኝ ሻጩ።

ዓይነት አለው እንዴ? አለው! ካታሎግ አሸከመኝ። ተራው ቦክስ ብሌድ አለ፤ ሁሉ ነገሩ የተበየደ፣ ጥርሶቹን ለማንሣትና ለማውረድ ከትራክተር ወርደህ አንድ በአንድ ማያዣ ችንካራቸውን የምትነቅልበት። ከኋላው በማጠፊያ የተንጠለጠለ በር ያለው አለ፤ ወደ ፊት ስትሄድ በሩ ይንሳፈፍና የተረፈውን አፈር እያለሰለሰ ያሳልፈዋል፣ ወደ ኋላ ስትመለስ ተቆልፎ ይገፋል። ሃይድሮሊኩ ደግሞ አለ፤ ጥርሶቹ ዘይት በሚገፋው ክንድ ከወንበርህ ሳትነሣ የሚወጡና የሚወርዱ። በዚያ ላይ ስፋት፤ የትራክተሩን ጎማ ዱካ ካልሸፈነ ራስህ ያስተካከልከውን ራስህ ትረግጠዋለህ። በዚያ ላይ ክብደት፤ ከቀለለ ደረቅ መሬት ላይ ይዘላል፣ ከከበደ ትንሽ ትራክተር ከፊት ይነሣል። ሻጩ ይህን ሁሉ በእርጋታ አስረዳኝ። እኔም ሁሉም ትክክል መስሎ ስለታየኝ ምንም ሳልመርጥ ተመለስኩ።

ካታሎጉን መስታወት ቤቴ ውስጥ ሳገላብጥ እውላለሁ። ሃይድሮሊክ ይሻላል እልና ገጹን እገልጣለሁ፤ የለም ማጠፊያው እልና እመልሰዋለሁ። ቀና ስል መኪናው እስከ ምድር ቤቱ ወለል ተሰልፎ ክላክስ ይጮኻል። አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ምን እንደነካኝ ሲጠይቀኝ፣ አንተ ብትሆን የትኛውን ትመርጣለህ ብዬ ሥዕሉን አሳየሁት። ለአለቃዬ ኮል አድርጎ ነገረብኝ።

ሰው ማማከር ጀመርኩ። ጥፋቴ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ እትዬ ውብነሽ ሬስቶራንት ለምሳ ገባሁ። እትዬ ውብነሽ የወለዷት ልጅ ቪዛ አጥታ ናይሮቢ ቀርታባቸው ደንበኛውን ሁሉ እንደ ልጅ የሚቆጡ ሴት ናቸው። «ምን ሆነሃል? ሽሮውን ትበላዋለህ ወይስ ታማስለዋለህ?» አሉኝ። ቦክስ ብሌድ እያሰብኩ መሆኔን ነገርኳቸው። ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ የሶፍቱን ሳጥን ገለበጥኩ፣ ሹካ ከፊቱ ያዝኩ፣ ትሪው ጥግ ላይ በርበሬ በተንኩና ጎተትኩት። «አዩ፣ ሹካው ይፍቃል፤ ሳጥኑ ይሰበስባል፤ የኋላው በር ማጠፊያ ሲኖረው ደግሞ...» ሳጥኑ ሽሮው ውስጥ ገባ። እትዬ ውብነሽ እንደልማዳቸው ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ዝም አሉ።

«ለመልአኩ ግቢ ነው?» አሉኝ ቆይተው።

«ለመልአኩ ግቢ ነው።»

«እህ» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ።

ቀጥሎ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩት ኢንጂነር ሰይፉ ጋ ሄድኩ። ኢንጂነር አገር ቤት ስንት መንገድ ያስገነቡ ሰው ናቸው፤ እዚህ የሙያ ፈቃድ ፈተናው አላልፍ ብሏቸው የሌላ ሰው ንድፍ ሲስሉ ይውላሉ። ሳሎናቸው ውስጥ ወረቀት ዘርግተው የግቢውን ተዳፋት ሠሩልኝ። «ሃይድሮሊክ! ሌላው ሁሉ ጊዜ ማጥፋት ነው» ብለው ደመደሙና እሳቸውም ድንገት ዝም ብለው ወደ ጣሪያው ማየት ጀመሩ። የፈተናው ነገር ትዝ ብሏቸው ይሆናል ብዬ ተሰናብቼ ወጣሁ።

ሦስተኛው ባለታክሲው ጓደኛዬ ጋሽ በላይ ነው። ሴቨን ኮርነርስ መስቀለኛው ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲው ውስጥ ቆመን ያንኑ ሁሉ ደገምኩለት። ጋሽ በላይ ግሪን ካርዱ ዘግይቶበት ሰው የሚያየው በግማሽ ዓይኑ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ያህል ምን ያስጨንቅሃል? ብረት ብረት ነው፤ ተራውን ግዛና ጎትት» አለኝ። ከዚያ እሱም ዝም። መኪና ውስጥ ያን ያህል ጊዜ ዝም ብሎ ስለማያውቅ አመመው እንዴ ብዬ ነበር።

እንግዲህ እናንተ ገብቷችኋል። እኔ ግን አልገባኝም! ሰው ስእለት ሲሳል አይናገርም። ሌላ ጊዜ ሰው ጃንጥላ ይሳላል፣ ምንጣፍ ይሳላል፣ መጋረጃ፣ ጧፍ ይሳላል። እኔ ግን ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ እየዞርኩ ለመልአኩ ምን እንደጎደለው ሳውጅ ከረምኩ።

ንግሡ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ፣ አንድ ፒክአፕ ግቢ ገባ። ከኋላው ጋሽ በላይ ነጠላውን አጣፍቶ ቆሟል። አጠገቡ ከእርሻ ዕቃ ሐራጅ የተገዛች፣ ቀለሟ የተላጠ ትንሽ ተራ ቦክስ ብሌድ አለች፤ ከላይዋ የወርቅ ዘርፍ ያለው ጃንጥላ ተዘርግቷል። ግሪን ካርዱ መጥቷል ለካ! ሴቶቹ እልል አሉ። አስተዋዋቂው ማይኩን ይዘው «ወንድማችን ስእለታቸው ስለሰመረ ለመልአኩ አንድ... የብረት... አንድ ከባድ ዕቃ አስገብተዋል» አሉ። እኔ እንባዬ መጣ። አባን ፈልጌ አየኋቸው፤ በመቋሚያቸው ተደግፈው ፈገግ ብለዋል።

እልልታው ሳያልቅ ሁለተኛ መኪና ገባ። ከጋቢናው ኢንጂነር ሰይፉ ሙሉ ሱፍ ለብሰው ወረዱ። ፈተናውን አልፈዋል! ከኋላ ጥቁር ቱቦዎቹ የተጠቀለሉ፣ የሚያብረቀርቅ ሃይድሮሊክ ቦክስ ብሌድ። ኢንጂነር የጋሽ በላይን ሲያዩ ፈገግታቸው ቀስ እያለ ወረደ። ሴቶቹ ትንሽ አመነቱና እልል አሉ። ጃንጥላ የያዘው ዲያቆን ከአንዱ ወደ አንዱ ሮጠ።

ከዚያ ትልቅ የጭነት መኪና ወደ ኋላ እየጮኸ ገባ። ናይሮቢ የቀረችው የእትዬ ውብነሽ ልጅ ቪዛዋን አግኝታ መጥታለች። እናትና ልጅ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፤ ከኋላቸው ማጠፊያ በር ያለው፣ ጎረምሳ የሚያህል ቦክስ ብሌድ በሰንሰለት ታስሯል። አስተዋዋቂው ማይኩን አጥፍተው ወደ እኔ አዩ።

እኔም አእምሮዬን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «መልካም ነው፤ አንዱን እናስቀርና ሁለቱን ለሻጭ መልሰን ሪፈንድ አድርገን ጠጠር እንግዛበት» አልኩ።

እልል ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«የመልአኩን ዕቃ ሪፈንድ?» አሉ እትዬ ውብነሽ። «ልጄን ተቀብዬ ስእለቴን ልመልስ? አንተ ሰው፣ ጤና የለህም?» ኢንጂነር ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ በላይ እንኳ፣ ጓደኛዬ፣ ከእኔ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። ያን ቀን የሚጨብጠኝ ሰው አጣሁ።

ጭቅጭቁ ወዲያው ተነሣ። ሦስቱም መሬቱ በእነሱ ስእለት እንዲስተካከል ይፈልጋሉ። ኢንጂነር ተዳፋት ያሰላሉ፣ እትዬ ውብነሽ ልጃቸውን ያስመሰክራሉ፣ ጋሽ በላይ «ቀድሞ የገባው የኔ ነው» ይላል። በመጨረሻ አባ መቋሚያቸውን ከፍ አደረጉና፣ «እንደ አገባባቸው ይሥሩ። ማናቸውም መሬቱን ሳይነኩ አይቅሩ» አሉ። ተፈረደ። ሹፌሩ ማን ይሁን ሲባል አሁንም ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ማክሰኞ ዕረፍት ወስጄ ሄድኩ። ትራክተሯ ሳል አላት፤ ግን ተነሣች። የጋሽ በላይን አስሬ ጥርሶቹን አውርጄ ሄድኩ። ትንሿ ቦክስ ብሌድ ሸክላው ላይ እንደ ፍየል ትዘላለች! ዞር ብዬ ሳይ መሬቱ ላይ ጭረት ብቻ ነው ያለው፣ ድመት የቧጨረው ሶፋ መስሏል።

«ክብደት ነው ያነሳት፤ ልቀመጥባት» አለ ጋሽ በላይ።

«ጋሽ በላይ፣ ግሪን ካርዱ ገና ሳይደርቅ መሞት አማረህ?» አልኩት። ተቆጥቶ ታክሲው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

የኢንጂነርን አሰርን። ያኔ ነው የትራክተሯ ኋላ ላይ ቱቦዎቹ የሚሰኩበት ቀዳዳ የሚባል ነገር እንደሌለ ያየነው። ጥርሶቹ ደግሞ ቁልቁል ወርደው ቀርተዋል። «ማውረዱ ተችሏል፤ ማንሣቱ ነው ያልተቻለው» አሉ ኢንጂነር እንደ መልካም ዜና። እኔ ልቤ ስለቸኮለ የላይኛውን ክንድ አሳጠርኩት። የላይኛው ክንድ ሲያጥር ሳጥኑ ወደ ፊት እንደሚደፋ፣ ሲደፋ ጥርሶቹ ይበልጥ እንደሚቆፍሩ ካታሎጉ ላይ አንብቤ ነበር፤ ያነበብኩት ግን ክላክስ እየተጮኸብኝ ነው።

ሄድኩ። ከኋላዬ የሚሰማኝ ድምፅ ደስ የሚል ነበር፤ ይገመሰማል፣ ይፈረፈራል። ዙሪያውን ጨርሼ ስወርድ ግቢው ታርሷል። ቦይ የነበረበትም፣ ቦይ ያልነበረበትም፣ አምና ደህና የነበረውም ሁሉ ትልም በትልም ሆኗል። ቤተ ክርስቲያኑን ሊያጸዱ የመጡ እናት ቆመው አዩኝና፣ «ምን ሊዘራበት ነው ልጄ?» አሉኝ። ያን ዕለት ማታ ደግሞ ዘነበ፤ ስሙን ብቻ ዝናብ አልነው እንጂ የጥፋት ውኃ ነበር።

በማግሥቱ ግቢው ውስጥ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። የሰበካ ጉባኤው ሰዎች በሩ ላይ ቆመው አይተው ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ቀሲስ ዮሐንስ እንዲዘጋጁ እንደተነገራቸው ሰማሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም። የሽማግሌውን መሬት አስተካክላለሁ ብዬ መቆሚያ አሳጣኋቸው።

አባ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ በተሻለ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ የሕንፃው በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። እጃቸውን ስስም «ደረቀ?» ይሉኛል። «ገና ነው አባ።» «እሺ» ይሉኛል። ያቺን «እሺ» ይዤ መስታወት ቤቴ ውስጥ እገባና ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ። አለቃዬ ወንበር የተሰበረብኝ መስሎት አዲስ ላከልኝ።

ደግነቱ የቨርጂኒያ ሐምሌ ምሕረት የለውም፤ አናት የሚበሳ ፀሐይ ወጣ። ንግሡ በማግሥቱ እሑድ ሊሆን፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አፈሩን በእጄ ጨበጥኩት፤ አልተጣበቀም፣ አልደረቀም። አባን ይዤያቸው መጥቼ ነበር፤ መጋዘኑ ጥላ ሥር አስቀመጥኳቸው። ሦስቱ ባለስእለቶችም መጥተዋል፤ አይነጋገሩም።

የእትዬ ውብነሽን አሰርን። የሚያነሣውን ማንሻ ስስበው ብረቱ ከመሬት አልተነሣም፤ የተነሣችው ትራክተሯ ናት! የፊት ጎማዎቿ አየር ላይ ሆኑ፤ እኔም ወንበሩ ላይ ተንጋልዬ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመርኩ። «በስመ አብ! ልቀቀው!» ሲሉ ለቀቅኩት፤ ጓ ብላ ወረደች።

«ከፊት ክብደት ያስፈልጋል» አሉ ኢንጂነር። ዙሪያውን አዩ። ከዚያ ዓይናቸው የጋሽ በላይ ቦክስ ብሌድ ላይ አረፈ። ሁላችንም እሳቸው የሚያዩትን አየን።

«አይሆንም!» አለ ጋሽ በላይ። «የኔ ስእለት የሰው ስእለት ሚዛን መጠበቂያ ሊሆን ነው? ከፊት ተንጠልጥሎ? መልአኩን ምን እለዋለሁ?»

አባ ከመጋዘኑ ጥላ ሥር ተነሥተው በመቋሚያቸው እየተመረኮዙ፣ በዚያ በታረሰ መሬት ላይ፣ አንድ እግራቸውን አንሥተው ሌላውን እስኪያስከትሉ እየጠበቅናቸው፣ ጋሽ በላይ ዘንድ ደረሱ።

«በላይ፣ ያንተ ከሌለ የሷ አይሄድም። ከፊት ሆነ ከኋላ መልአኩ አይጠይቅህም። የሚያይህ ስታግዝ ነው» አሉት።

ጋሽ በላይ እጅጌውን ሰበሰበ። ለንግሡ ሊያዘጋጁ የመጡ ምእመናን ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ትንሿን ቦክስ ብሌድ አነሡ፤ ትራክተሯ ግንባር ላይ በሰንሰለት ጠፈርናት። እንደገና ማንሻውን ሳብኩ። ከኋላ ብረቱ ተነሣ፤ ከፊት ጎማዎቹ መሬት ረግጠው ቀሩ። እትዬ ውብነሽ እልልታቸውን አቀለጡት።

ወደ ሥራው ገባሁ። ያ ያረስኩት ትልም፣ የተሳደብኩበት፣ ያፈርኩበት፣ ለካ የሚያስፈልገው እሱ ነበር! መሬቱ ተፈልፍሎ ስለላላ ሳጥኑ ይሰበስበዋል፣ ቦዩን ይሞላዋል፤ የኋላው በር እየተንሳፈፈ የቀረውን ያለሰልሰዋል። የኢንጂነር ጥርስ ባይቆፍር የእትዬ ውብነሽ በር የሚያለሰልሰው ነገር አልነበረውም። ኢንጂነር ይህን ቀድመው ያሰቡት አስመስለው ሲያስረዱ ሰማኋቸው፤ ያን ዕለት ማንንም ለመቃወም አልፈለግኩም። ብቻ ማቆም አቃተኝ። ሁሉም «ይበቃል» ይሉኛል፤ «አንድ ዙር ብቻ» እላለሁ፤ አንዲት ጠጠር ከፍ ብላ ትታየኛለች፣ እመለሳለሁ። በመጨረሻ ነዳጁ አልቆ ትራክተሯ ራሷ አሰናበተችኝ።

እሑድ ከሁሉ ቀድሜ ደርሼ በሩ ላይ ቆምኩ። መኪና ሲመጣ አላስገባም። «ወደ ውጭ፣ ወደ ውጭ! መንገድ ዳር!» ሰብሳቢው መስኮታቸውን አውርደው፣ «አንተ፣ ፓርኪንጉን አስተካክል ብለን አይደለም እንዴ የመረጥንህ?» አሉኝ። «ተስተካክሏል፤ ለዚህ እኮ ነው ማንም የማይገባበት» አልኳቸው። በነጠላና በተረከዝ ጫማ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ያስኬድኩት ሕዝብ ያን ቀን ምን ምን እንዳለኝ እዚህ አልጽፍም።

ታቦቱ ወጣ። ተሸክመው የወጡት አባ ናቸው። ሕዝቡ ወደ ታቦቱ ይሰግዳል፣ ይዘምራል፤ እኔ ከፊታቸው ሆኜ የኋሊት እየሄድኩ የማየው እግራቸውን ብቻ ነው። ቀኝ። ግራ። ቀኝ። ከበሮውንም ዝማሬውንም አልሰማሁም። አንደኛው ዙር አለቀ። ሁለተኛው፣ አምና የተንገዳገዱበት ቦታ ስንደርስ ትንፋሼን ያዝኩ፤ አለፉት። ሦስተኛው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው አንድ ሰው ወደቀ። እኔ ነኝ። የኋሊት ስሄድ የገዛ ነጠላዬን ረግጬ በዚያ ገበታ በመሰለ መሬት ላይ በጀርባዬ ተዘረጋሁ። አባ እንደተንጋለልኩ በአጠገቤ አለፉ፤ እርምጃቸው እንኳ አልተዛነፈም። ታቦቱ ገባ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ አባ ደክሟቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔ ግን አፌ አልዘጋ አለኝ። «ያዩ አይደል አባ? አሁን ማንም አይናገርም! ለከርሞ ደግሞ ጥሩ ጠጠር አስደፋበታለሁ፤ ገና ስንት ዓመት ያዞራሉ...»

«ለከርሞ ዮሐንስ ነው» አሉኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ምን አሉኝ?»

«እኔም ለመልአኩ ተስዬ ነበር። ሰው እጄን ይዞኝ ሳይሆን በገዛ እግሬ፣ ሳልወድቅ ሦስቱን ዙር አዙረኝ፤ ያን ጊዜ ማንም ሳይጠይቀኝ ለልጁ አስረክባለሁ አልኩት። አደረገልኝ። ዛሬ ታቦቱ እንደገባ ለዮሐንስ ነገርኩት፤ አለቀሰ።»

ላንድማርክ ቀይ መብራት ላይ ቆመናል። ያ ሁሉ ካታሎግ፣ ያ ሁሉ ጭቃ፣ ያ ሁሉ ዙር፣ እኔ እኮ የለፋሁት ከቦታቸው እንዳይነሡ ነው!

«አባ፣ ታዲያ ለምን ቀደም ብለው አልነገሩኝም?» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ልጅ ሆነብኝ።

ዓይናቸውን ገለጡና አዩኝ።

«ብነግርህ መሬቱን ታስተካክለው ነበር?»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነልኝ፤ ነዳሁ።